ግማሽ ሰው ይቅርታ አይጠይቅም

ገዳሪፍ ውስጥ ሆዱን ተቀዶ የዳነ ሰው በግ የሚነዳው ወደ ቀዳጁ ሐኪም ቤት ነው። ያደነዘዘችውን ሴት ማንም አያስታውሳትም። እንዴትስ ያስታውሳት? ተኝቶ ነበራ! አደንዛዧ ሲት ኢቅባል ግን ይህን ነገር እንዲህ በዋዛ አልተቀበለችውም። ቤቷ ከቀዳጁ ከዶክተር ሙተሲም ቤት ጋር በአንድ አጥር ይዋሰናልና፣ ማዶ የታሰረ በግ በጮኸ ቁጥር ወገቧን ይዛ፣ "የዚህን በግ ባለቤት ማን አስተኝቶ ማን እንደቀሰቀሰው አላህ ያውቃል!" ትላለች፤ ሐኪሙ እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ። ሐኪሙም ይሰማል። አንድ እግር ሥጋ በአጥሩ ላይ ያቀብላታል። እሷም እያጉረመረመች ትቀበላለች።

የሰሊጥ ደላላ ልጅ ናት። ኻርቱም ሄዳ የማደንዘዣ ሙያ ተምራ ስትመለስ ወንድሞቿ፣ "ሰው ማስተኛትም ትምህርት ሆነ? አጎታችን ወሬ ሲጀምር ሰፈሩ ሁሉ በነፃ ይተኛ የለም እንዴ?" ብለው ስቀውባት ነበር። ከዚያ ወዲህ የከተማዋን እኩሌታ አስተኝታ ቀስቅሳለች። ሁሉም ነቅቷል ብላ አትምልም፤ ያልነቁትን ግን ከነአባታቸው ስም ታውቃቸዋለች። ቁጣዋም ከዚያ የመጣ ነው። መነጽሯ አፍንጫዋ ላይ እስካለ ድረስ ሊያነጋግሯት ይቻላል። መነጽሩ ወደ ግንባሯ ከወጣ ግን ፊቷ የቆመው ሰው፣ በሽተኛም ይሁን የጤና ቢሮ ሹም፣ መንገድ ቢለቅ ይሻለዋል።

ሐጅ ጃደላህ በመጡ ቀን መነጽሩ ወደ ግንባሯ ለመውጣት አልዘገየም።

የሰሊጥ አጨዳ ሰሞን ነበር፣ ረፋድ ላይ። ሐጁ በአህያ ጋሪ፣ ከነጠፍር አልጋቸው ተጭነው፣ ሰፈራቸውን ከኋላ አስከትለው መጡ። ብሽሽታቸው ላይ የዶሮ እንቁላል የሚያህል እብጠት ወጥቶ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። ዶክተር ሙተሲም በጣቱ ጫን ጫን አደረገውና ማንጎራጎሩን አቆመ። ይህ ሰው ሥራ ላይ ሲሆን ማንጎራጎር ልማዱ ነው፤ ዝም ካለ ነገር አለ ማለት ነው።

"ቡአ ነው፤ ግን ታንቋል፣" አላት ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ። "የአንጀቱ እጥፋት በጠባብ ቀዳዳ ወጥቶ አንገቱ ተይዟል። ቶሎ ካልፈታነው አንጀቱ ይሞታል። አንጀቱ ከሞተ ሰውየውም ተከትሎት ነው የሚሄደው።"

ቡአው ከየት እንደመጣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሐጅ ጃደላህና ታናሽ ወንድማቸው ሐጅ ባብክር ከአባታቸው የወረሱት የሰሊጥ ዘይት መጭመቂያ ነበራቸው፤ ዓይኑን የተሸፈነ ግመል ቀኑን ሙሉ እየዞረ የሚያሽከረክረው። ባብክር ልጃቸውን ሲድሩ ያንን ያረጀ ግመል ታላቃቸውን ሳይጠይቁ አርደው ለሠርገኛው አቀረቡት። ጃደላህ በድግሱ መሃል ብድግ ብለው፣ "እናንተ ሰዎች! የምትበሉት ጡረታ ያልተከበረለትን ሠራተኛ ነው!" አሉ። ሠርገኛው የጎረሰውን መዋጥ አቃተው፤ ሙሽራዪቱ አለቀሰች፤ ከበሮ መቺውም ከበሮውን ብብቱ ሥር ይዞ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድማማቾቹ አንድ ግድግዳ ተጋርተው ሰላምታ የላቸውም። ሌላ ግመል መግዛትማ ይቻል ነበር፤ ግን ጃደላህ ያንን ቢያደርጉ ጃደላህ አይባሉም። የመጭመቂያውን ግንድ በገዛ ደረታቸው እየገፉ ዘይት ጨመቁ፣ ሆዳቸው እስኪቀደድ።

"ይህ ቡአ የባብክር ነው፣" ይላሉ አሁንም እያቃሰቱ። "እኔ ተሸካሚው ብቻ ነኝ።"

ሲት ኢቅባል ደረታቸውን አዳመጠች። የዕድሜ ልክ ሲጋራና የመጭመቂያው ብናኝ አንድ ላይ ተባብረው ደረቱን እንደ ሻይ ማንቆርቆሪያ ያስፏጩታል። ወደ ሚስታቸው ወደ ሐጃ በቱል ዞረች።

"ጠዋት ምን በሉ?"

"ምንም።"

"ምንም?"

"ምንም አልበሉም። አንድ ሳህን የዓሲዳ ገንፎ በመረቅ ብቻ።"

"አንጀታቸው ታንቆ ዓሲዳ አበላሻቸው?"

"አንጀቱ የወጣው ርቦት መስሎኝ ነዋ!"

መነጽሩ ወደ ግንባር የወጣው እዚህ ላይ ነው።

"ሐጅ፣ ያዳምጡኝ፣" አለች። "ሙሉ በሙሉ ባስተኛዎት ደረትዎ አይችለውም። ሆድዎ ደግሞ ሙሉ ነው፤ ተኝተው ዓሲዳው ወደ ሳንባዎ ቢመለስ አበቃ። ስለዚህ በወገብዎ በኩል በቀጭን መርፌ ወግቼ ከእምብርትዎ በታች ብቻ ላደንዝዝዎት። ነቅተው ይቆያሉ፣ ይተነፍሳሉ፣ ግን አያምዎትም።"

"በወገቤ መርፌ? አይሆንም፣ ልጄ። ጎረቤቴን ወድ ዘይንን አላየሽውም? ወገቡን ከተወጋ ወዲህ እንደ ማጭድ ጎብጦ ነው የሚሄደው።"

"ወድ ዘይንን የወጋሁት እኔ ነኝ! ሲመጣም ጎብጦ ነው የመጣው!"

"እንግዲያው ለምን አላቀናሽውም?"

ሲት ኢቅባል ወደ ጣሪያው አየች። በዚህ መሃል ሐጃ በቱል ስልኳን ዘረጋችላት። ጅዳ የሚሠራው ልጃቸው ዓዋድ ነው፤ ድምፁ ክፍሉን ሞላው።

"ሲት ኢቅባል፣ አባቴን እንዳትቀዱት! እዚህ ሆድ መቅደድ ከቀረ ቆየ። በካሜራ ነው የሚሠራው፤ ሦስት ትንንሽ ቀዳዳ፣ በቃ! ደግሞ ቡአው ዳግም እንዳይወጣ መረብ ይግባለት፣ መረቡን እንዳትረሱ!"

"ዓዋድ ልጄ፣ ካሜራው እዚህ የለም። ቢኖርም በካሜራ ሲሠራ ሆድ በአየር ይነፋል። በአየር የተነፋ ሰው ደግሞ ሙሉ በሙሉ ካልተኛ አይችለውም። የአባትህ ደረት..."

"አባቴን ልትነፉት ነው?!"

"ንፉት ያልከው አንተ ነህ!"

"እኔ በካሜራ ነው ያልኩት!"

ስልኩን ለሐጃ በቱል መለሰችላት፤ ድምፁ በተጠቀለለችበት ቶብ እጥፋት ውስጥ ሆኖ ስለ ካሜራ ማውራቱን ቀጠለ።

ሐጅ ጃደላህ ግን ቆርጠዋል። ሙሉውን ነው የሚፈልጉት። ነቅተው ተጋድመው ሰው ሆዳቸውን ሲጎለጉል ከሚሰሙ ቢሞቱ ይሻላቸዋል። ሙሉውን የሚፈልግ ደግሞ፣ እንደ አገሩ ወግ፣ አስቀድሞ የሚያውቀውን ሰው ሁሉ ይቅርታ መጠየቅ አለበት። ሙሉ እንቅልፍ የሞት ታናሽ ወንድም ነው፤ ነፍስ ትወጣለች፣ መመለሷን የሚያውቀው ላኪዋ ብቻ ነው። ቂም ይዞ ወደዚያ መሄድ አይገባም። ስለዚህ ሰፈርተኛው በአልጋው ዙሪያ ተሰለፈ።

"ይቅር በለኝ፣ ወድ ዘይን።"

"ይቅር ብዬሃለሁ፣ ሐጅ። ግን ከዳንክ ያንን የእጣቢ ውሃ በሬ ላይ መድፋትህን ተው።"

"ይቅር በዪኝ፣ የአክስቴ ልጅ።"

"ይቅር ብዬሃለሁ። የወሰድከውን ሙቀጫ ግን እስካሁን አልመለስክም።"

"ሙቀጫው የኔ ነው!"

"ይቅርታ እየጠየቅከኝ ትጣላኛለህ?"

ሲት ኢቅባል በሰልፉ መሃል እየተሽሎኮለከች ትጮሃለች። "እናንተ ሰዎች! አንጀቱ እየጠቆረ ነው! ሁሉንም በጅምላ ይቅር በሉት!" የሚሰማት የለም። አንዲት አሮጊት እንዲያውም ተራዋን የነጠቀቻት መስሏት ቶቧን ያዘቻት።

ሰልፉ እንደምንም አለቀ። ዶክተር ሙተሲም እጁን ሊታጠብ ሲነሳ ሐጁ እጃቸውን አነሱ።

"ቆይ። ባብክር አለ።"

"የት አለ?" አለች።

"የለም። እሱ ነው ችግሩ። ባብክር ይቅር ካላለኝ አልተኛም።"

"ይጠራልዎታ!"

"አልጠራውም። እኔ ባብክርን ይቅርታ አልጠይቅም። ግመሌን የበላው እሱ ነው።"

"ሐጅ፣ ባብክር ይቅር ካላለዎት አይተኙም፤ ባብክርን ደግሞ ይቅርታ አይጠይቁም። ታዲያ ምን ላድርግ?"

"አንቺ አይደለሽ የተማርሽው? አስቢበት።"

ሲት ኢቅባል ከንፈሯን ነከሰች። በሩን በርግዳ ልትወጣ፣ ቶቧን ለብሳ ቤቷ ልትገባ፣ የአጎቷን ወሬ እየሰማች ልትተኛ አማራት። ከዚያ እብጠቱን አየችው፤ ላዩ መቅላት ጀምሯል። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና መነጽሯን በገዛ እጇ ወደ አፍንጫዋ መለሰችው።

"ሐጅ፣ እስቲ ልጠይቅዎት። ይቅርታ የሚጠየቀው ነፍስ ስለምትወጣ ነው አይደል?"

"አዎን።"

"ነፍስ የምታድረው የት ነው?"

ሐጁ አሰቡና እጃቸውን ደረታቸው ላይ አኖሩ። "እዚህ ናት። ሲያፏጭ የምትሰሚው እሷን ነው።"

"እኔ የማደነዝዘው ከእምብርት በታች ነው። እዚያ ምን አለ? ቡአና ሁለት እግር። ነፍስዎን አልነካትም። ግማሽ ሰው ይቅርታ አይጠይቅም።"

ሐጁ ዓይናቸውን አጠበቡ። "ባብክርንም?"

"ባብክርንም!"

"ታዲያ ይህን እስካሁን የደበቅሽኝ ለምንድን ነው? እየሞትኩ እኮ ነው!"

ኦፕራሲዮን ክፍሉ ውስጥ፣ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስቀምጣ፣ "ጀርባዎን እንደ ድመት ያጉብጡት፣" አለቻቸው። "ይኸው መጎበጡ ተጀመረ፣" አሉ። መርፌው በአጥንቶቹ መሃል መንገዱን አገኘ፤ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ጠብታ ሲወጣ መድኃኒቱን ሰጥታ በጀርባቸው አስተኛቻቸው። ጥቂት ቆይታ በአልኮል የራሰ ጥጥ ጭናቸው ላይ አሳረፈች።

"ይቀዘቅዛል?"

"ምኑ?"

"እግርዎ።"

"እግሬን ማን ወሰደው?"

"አለ። ተኝቷል።"

"ከኔ በፊት?"

ዶክተር ሙተሲም ደረታቸው ላይ በተጋረደው አረንጓዴ ጨርቅ ማዶ እያንጎራጎረ ብሽሽቱን ሰነጠቀ። ሐጁ በጨርቁ ወዲህ ሆነው ለሲት ኢቅባል የሰሊጥ ዘይት አጨማመቅ አስተማሯት፣ የሐኪሙን ዜማ አረሙ፣ ቀጥሎም ቢላው ስለት እንደሚጎድለው ከድምፁ መለየታቸውን ተናገሩ። ሕይወቷን ሙሉ ሰው አስተኝታ ዝምታ የለመደች ሴት ናት። በአንድ እጇ የደም ግፊቱን እየተከታተለች፣ በሌላው በአፍንጫቸው ባስገባችው ቱቦ ያን ዓሲዳ እየሳበች፣ "ሐጅ፣ እባክዎ ትንሽ ይረፉ፣" አለች።

"ነቅተው ይቆያሉ ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ነቅቻለሁ!"

ማዶ ያለው ዜማ ተቋረጠ።

ሲት ኢቅባል በጨርቁ ላይ አሻግራ አየች። ሐኪሙ አንጀቱን ያነቀውን ጠባብ ቀለበት ቆርጦ አላቆታል፤ የወጣው የአንጀት እጥፋት ግን እንደ ደበርጃን ጠቁሯል። በሞቀ የጨው ውሃ በተነከረ ጨርቅ ጠቅልሎ በሁለት እጁ ያዘው፣ ብርድ እንደመታው ጫጩት።

"እንጠብቀው፣" አለ በቀስታ። "ደም ከተመለሰለት ወደ ቦታው አስገባዋለሁ። ካልቀላ ግን የሞተውን ቆርጬ ጫፍና ጫፉን መቀጠል አለብኝ። ለዚህ ደግሞ ይህ ቀዳዳ አይበቃኝም፤ ሆዱን ወደ ላይ እከፍታለሁ። ያንቺ መርፌ ያደርሰናል?"

"እዚህ ድረስ አዎ። ወደ ላይ ከከፈትክ ግን አያደርስም። ማስተኛት ይኖርብኛል።"

"ማንን?" አሉ ሐጅ ጃደላህ።

ያ የሚያፏጭ ደረት ብቻ ይሰማል።

"ያኔ ነፍሴን ትነኪያታለሽ፣" አሉ።

ልትዋሽ ትችል ነበር። ያልነቁት ሰዎች ከነአባታቸው ስም ትዝ አሏት። "እነካታለሁ፣ ሐጅ። ልመልሳት እታገላለሁ እንጂ እንደምትመለስ አልምልልዎትም።"

ሐጁ ጣሪያውን አዩ። "ባብክርን ጥሩልኝ፣" አሉ።

ባብክርን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገም። የኦፕራሲዮኑ ክፍል ዘበኛ ዓሚ ኩኩ እንደተናገረው፣ ሐጅ ባብክር ከጠዋት ጀምረው ግቢው ውስጥ ከውሃ ጋኖቹ ኋላ፣ ሰው እንዳያያቸው ተሸሽገው ተቀምጠዋል። ዓሚ ኩኩ እጃቸውን ይዞ እየጎተተ አመጣቸው። እግራቸው ግን ከነጫማው ደፉን ሊያልፍ ሲል ሲት ኢቅባል ጮኸች።

"እዚያው! አንድ እርምጃ ወደዚህ የለም! ሆድ ተከፍቷል! ከበሩ ማዶ ሆናችሁ ጨርሱ!"

በሩ ተዘጋ። ሐጅ ጃደላህ አንገታቸውን ወደ በሩ አዞሩ።

"ባብክር!"

"ምን ትፈልጋለህ?"

"ልሞት ነው መሰለኝ።"

"ማን ፈቀደልህ?"

"ሆዴን ከፍተውታል።"

"በልጄ ሠርግ አፍህን እንደከፈትከው አይሆንም።"

"ለሱ ነው የጠራሁህ፣" አሉ ጃደላህ፤ ድምፃቸው ወረደ። "ሙሽራዪቱን ያስለቀስኩበት ቀን እስካሁን ይቆረቁረኛል። ይቅር በለኝ።"

ከበሩ ማዶ አፍንጫ ሲሳብ ተሰማ። ከዚያ፣ "ምን አልክ? በሩ ወፍራም ነው።"

"ሰምቷል! ሰምቷል!" አለ ዓሚ ኩኩ። "ወላሂ እያለቀሰ ነው!"

"ይቅር በለኝ አልኩህ፣ አንተ ግመል በላ!"

"ይቅር ብዬሃለሁ፣ አንተ ቀንድ የሌለህ በሬ! አንተም ይቅር በለኝ። ልጠይቅህ ይገባኝ ነበር። ሥጋውም ጠጣር ነበር፤ አላህ ፈረደልህ!"

ሲት ኢቅባል የእንቅልፉን መድኃኒት በመርፌ ቀድታ፣ የመተንፈሻውን ቱቦ አዘጋጅታ ቆማ ነበር። በበሩ ያለውን ጩኸት ከጆሮዋ አውጥታ ስለዚያ ደረት ብቻ ታስባለች። ዶክተር ሙተሲም ጨርቁን ቀስ ብሎ ገለጠ። አየው። ደግሞ አየው። ከዚያ ማንጎራጎር ጀመረ።

"ነይ እዪ፣" አላት።

እጥፋቱ ቀልቷል። ጠርዙ ላይ ትንሽ ጥላ ቢኖርም ያብለጨልጫል፤ ሐኪሙ በጣቱ ነካ ሲያደርገው ከእንቅልፉ እንደተቀሰቀሰ ትል ተላወሰ። ሲት ኢቅባል መርፌውን አስቀመጠችና በሁለት እጇ ጠረጴዛውን ያዘች።

"ምን ሆነ?" አሉ ሐጁ።

"ድነዋል። የሚቆረጥ የለም። እንቅልፍም የለም።"

ነገሩ ቀስ ብሎ ሲገባቸው በፊታቸው ላይ ታየ።

"ስለዚህ... በከንቱ ነው የጠየቅኩት?"

"ሐጅ!"

"ባብክር! ይቅርታዬን መልስልኝ! አልተኛሁም!"

"አልመልስም!" አሉ ሐጅ ባብክር ከበሩ ማዶ። "ምስክር አለኝ! ኩኩ፣ ሰምተሃል አይደል?"

"ሰምቻለሁ!"

"ዝም በሉ!" አለች ሲት ኢቅባል፤ ድምጿ እስከ ውሃ ጋኖቹ ተሰማ ይባላል። ሐኪሙ አንጀቱን ወደ ቦታው መልሶ ቀዳዳውን እንደ ጆንያ አፍ በክር ሰፋው። መረቡን አላስገባም፤ አንጀት በታመመበት ቦታ እንግዳ ዕቃ ቢገባ መግል ይዞ ይወጣል። ይህንን ለዓዋድ በስልክ የማስረዳቱ ዕጣ ግን ለእሷ ደረሰ። ዓዋድ፣ "ስለዚህ መረቡ አለቀባችሁ?" አላት።

መከራው በዚህም አላበቃም። የተነካ አንጀት ሥራ መጀመሩ የሚታወቀው አየር ሲያወጣ ነው፤ እስከዚያ ምግብ ክልክል ነው። ሐጅ ባብክር አልጋው ሥር ምንጣፍ አንጥፈው፣ የመረቅ ሳህን ታቅፈው ተቀመጡ፤ የመጣ ጠያቂ ሁሉ ከሰላምታ በፊት፣ "ፈሳ?" ይላል። ሲት ኢቅባል ባለፈች ቁጥር ሁለቱም ይይዟታል። "የጀርባው መርፌ ነው የያዘብኝ፣" ይላሉ አንዱ። "ቀስቅሺለት፣" ይላሉ ሌላው። በመጨረሻ አንድ ጠዋት፣ ክፍሉ በጠያቂ ተሞልቶ ሳለ፣ ድምፁ መጣ። ረዥም፣ ሙሉ፣ የማያሻማ። ሐጃ በቱል እልልታዋን ለቀቀችው። ሐጅ ባብክር ሳህኑን ከፍ አድርገው፣ "ግመሉም እንዲህ ነበር የሚያደርገው፣" አሉና ታላቃቸውን በማንኪያ ማጉረስ ጀመሩ። ከዚያ ወዲያ ስለ ይቅርታው መመለስ የተነሳ ነገር የለም።

በጉ እንደ ወጉ ወደ ዶክተር ሙተሲም ቤት ተነዳ። ለሲት ኢቅባል የደረሳት ሌላ ነው። ሐጅ ጃደላህ ነቅተው ነበርና ሁሉንም ያስታውሳሉ። በሰሊጥ ገበያው መሃል ተቀምጠው፣ እያንዳንዷን ቃል ከነድምጿ እየደገሙ፣ ነገሩን ለአላፊ አግዳሚው ተረኩት፤ "ግማሽ ሰው ይቅርታ አይጠይቅም" የሚለውን ደግሞ እንደ ፈትዋ አሠራጩት።

አሁን የሚመጣው በሽተኛ ሁሉ ነገሩን ራሱ ወስኖ ነው የሚመጣው። ትርፍ አንጀቱን ሊያወጣ የመጣው፣ ፕሮስቴቱን ሊቀደድ የመጣው፣ የሐሞት ጠጠር ያለበት ሳይቀር፣ ጠረጴዛው ላይ ሳይወጣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ግማሹን ስጪኝ፣" ይላታል። ሲት ኢቅባል የደረቱ ሁኔታ፣ የቀዶ ጥገናው ዓይነት፣ ሆዱ የሚከፈትበት ቦታ እያለች ማስረዳቱን ትታዋለች። መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋ ታደርጋለች። "እሺ፣" ትላለች። "መጀመሪያ ይንገሩኝ፤ የተጣሉት ከማን ጋር ነው? በሩ ላይ ቀድሜ ላስቀምጠው።"